በጠመንጃ ስር የተባለ «እሺ» ውል ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ሩሲያ በዶኔትስክ፣ በሉሃንስክ፣ በዛፖሪዥያና በኬርሶን በጦር በያዘቻቸው የዩክሬን አካባቢዎች «ሕዝበ ውሳኔ» አካሄደች። ድምፅ ሰብሳቢዎች ከታጣቂዎች ጋር ቤት ለቤት ዞሩ። በኬርሶን 87 ከመቶ የሚሆነው መራጭ ወደ ሩሲያ እንጠቃለል አለ ተባለ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የሩሲያ ጦር ከኬርሶን ከተማ ሲወጣ ግን ነዋሪው የዩክሬንን ባንዲራ ይዞ አደባባይ ወጣ።

ታዲያ ያ «እሺ» ምን ነበር?

መንግሥት የሚቆመው በሕዝብ ስምምነት ነው፤ በሌላ አነጋገር በማኅበራዊ ውል ነው ያሉ ሦስት ፈላስፎች ይሄንን ጥያቄ ከዘመናት በፊት አንስተውታል። መልሳቸው ግን ለየቅል ነው።

ቶማስ ሆብስ የእንግሊዝን የእርስ በርስ ጦርነት ያየ ሰው ነው። በ1651 ባሳተመው «ሌቫያታን» እንደሚለው፣ ተሸናፊው ነፍሱን ለማትረፍ «እገዛለሁ» ካለ ውሉ ይጸናል። ፍርሃት ውል አያፈርስም። ለሱ መንግሥት ከማጣት የባሰ ነገር የለማ! ግን ልብ በሉ፦ ሆብስም ቢሆን ድል ብቻውን መብት ይሰጣል አላለም። እሺ ያላለ፣ በሰንሰለት የታሰረ ምርኮኛ ምንም ግዴታ የለበትም።

ጆን ሎክ በዚህ አይስማማም። ዘራፊ ቤታችሁ ገብቶ፣ ጩቤ አንገታችሁ ላይ አድርጎ የቤት ካርታችሁን ቢያስፈርማችሁ ቤቱ የሱ ይሆናል? አይሆንም። ለሎክ ያለ አግባብ የወረረ ንጉሥም ያው ዘራፊ ነው፤ ልዩነቱ የሠራዊቱ ብዛት ብቻ ነው። እውነት ይዞ የተዋጋ አሸናፊ እንኳ ባልተዋጉት ላይ፣ በሕፃናትም ላይ ሥልጣን የለውም። (ይሄን የጻፈው ሎክ ራሱ በባሪያ ንግድ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። ይሄም መረሳት የለበትም።)

ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። ጉልበት መብት ከሆነ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ መብቱም አብሮ ያልቃል። እንዲህ ያለው ደግሞ መብት አይባልም። ኬርሶን ላይ ያየነው ይሄንኑ ነው።

ይሄ ጉዳይ ለኛም ሩቅ አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሙሶሊኒ በቀናት ውስጥ ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት ናት ብሎ አወጀ። ቆየት ብሎ ብሪታኒያና ፈረንሳይ ሳይቀሩ «ያለቀ ነገር ነው» ብለው ወረራውን ተቀበሉ። አርበኞቹ ግን እሺ አላሉም። በሆብስ ሚዛን እንኳ ለሮም ምንም ዕዳ አልነበረባቸውም ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ።

በኦክቶበር 2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሩሲያን እርምጃ በ143 ድምፅ ውድቅ ሲያደርግ 5 አገራት ተቃወሙ፣ 35 ደግሞ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከ35ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መንግሥታት የየራሳቸው ስሌት አላቸው። ግን በ1928 የደረሰብንን እያስታወስን ይሄን ድምፅ ዝም ብለን ማለፍ ከብዶናል።

አሁን አሁን በየድርድሩ «መሬት ላይ ያለውን እውነታ እንቀበል» ሲባል እንሰማለን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እየተቀላቀለ ይመስለናል። ተኩስ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ሰው ይተርፋል፣ ሆብስም እዚህ ጋ እውነት አለው። በጉልበት የተሠመረን ካርታ ማጽደቅ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ለማግኘት ሁለተኛውን መፈረም ግዴታ አይደለም። አንዴ ከተፈረመ ደግሞ ቀጣዩ ወራሪ ትምህርቱን ይወስዳል።

እናንተስ? ከሦስቱ ማን አሳመናችሁ?