ሒሳቡ ከአንገረብ ይጀመር
ግልጽ ደብዳቤ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አመራር
ከአምባ ጊዮርጊስ



የምህንድስና ተማሪዎች «አፕላይድ» የሚሉትን የሒሳብ ትምህርት ብዙዎቹ የሚያዩት ወደ ሙያው ለመግባት እንደሚከፈል ቀረጥ ነው፤ ከፈሉት፣ ረሱት። ስለዚህ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ይነሣል። እኔ ግን ሒሳቡ ሳይቀነስ ከአገራችን አፈርና ውሃ ጋር ይገናኝ እላለሁ። ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ደለል እየበላው መሆኑ የታወቀ ነው። በየክረምቱ ምን ያህል ደለል ይገባል? የግድቡ ይዘት ባነሰ ቁጥር ደለል የማስቀረት አቅሙስ እንዴት ይለወጣል? ስንት ዓመት ያገለግላል? ይህ ራሱ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው። ተማሪው ተዘጋጅቶ የቀረበለትን ከመፍታት ይልቅ ከዚህ ተነሥቶ ራሱ ቢጽፈው፣ የትኛውን ነገር በግምት እንደወሰደና ግምቱ ቢሳሳት ውሃ የሚጠፋበት ማን እንደሆነ ይገባዋል።

«ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ይሠራው የለም ወይ?» ይባላል። ይሠራዋል፤ የተሳሳተ ቁጥር ቢሰጡትም ያው ይሠራዋል። በእኛ ወረዳ በወገራ ተዳፋት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህን በቃሉ ማስላት የማይችል መሐንዲስ፣ ፕሮግራሙ 5,000 ቢለው በምን ያውቃል? የመንገድ ውሃ ማሳለፊያ ቱቦም እንዲሁ ነው። ተዳፋቱና ልስላሴው ሳይለወጥ የቱቦው ዲያሜትር እጥፍ ቢሆን፣ ሞልቶ ሲፈስ የሚያሳልፈው ውሃ ከስድስት እጥፍ ይበልጣል። በስሜት የገመተ ሰው እጥፍ ነው ይላል፤ ወይ ገንዘብ ያባክናል፣ ወይ መንገዱን ያስበላል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የተማሪው መሠረት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዚህ ላይ ሒሳብ ማክበድ ጭካኔ ይመስላል። እኔ ግን አክብዱ አላልሁም። ደካማው ተማሪ የሚሸነፈው በአብዛኛው መጠን የሌለው ምልክት ሲደረደርበት ነው፤ ሜትር ኩብና ዓመት ሲጨመርበት መያዣ ያገኛል። የሒሳብ መምህሩ የግድብ ሥራ ላያውቅ ይችላል፣ እውነት ነው። ለዚህም ነው ከሲቪልና ከውሃ ምህንድስና መምህራን ጋር ጥያቄ አብረው ያውጡ የምለው።

በመጪው ዓመት የአፕላይድ ማጠቃለያ ፈተና ሢሶው ከአንገረብና ከወገራ ከተለካ መረጃ ይውጣ፤ ጥያቄዎቹንም ከፈተናው በኋላ ለሕዝብ አሳዩን።