የቤተሰብ ማዕዘን፦ ከናይሮቢ የሚመጣው ዱቄትና የትዳር ሰላም

በዚህ ማዕዘን ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በጓዳ እንኳ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። ይኸውም በወንዱ ላይ የሚደርሰው የዘር ፈሳሽ ያለጊዜው የመውጣት ችግርና ለዚሁ ይበጃል እየተባለ የሚሸጠው የሕንዶች መድኃኒት ነው። ነውር ነው ብለን ልናልፈው በቻልን ነበር። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ ከችግሩ ይልቅ ዝምታው ትዳርን ስለሚያናጋ በግልጽ መነጋገርን መረጥን።

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው ኢምባካሲ ለወታደር እንግዳ ስም አይደለም። የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኬንያ ጦር ሰፈርና የሰላም ማስከበር ሥልጠና የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በዚያው ይገኛሉ። ከኢምባካሲ ወደ መሐል ከተማ የዘለቀ ሰው ደግሞ በንጋራና በፓርክላንድስ ሠፈሮች የሕንዶችን ሱቆች ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 የኡጋንዳን የምድር ባቡር ለመሥራት 32,000 ያህል ሠራተኞች ከሕንድ መጥተው ነበር። ከእነርሱ የቀሩትና ተከትለው የመጡት ነጋዴዎች ቅመማቸውንና አዩርቬዳ የተባለውን ጥንታዊ ሕክምናቸውን በአገሩ ተከሉ። ስለዚህ ግዳጁን ወይም ሥልጠናውን ፈጽሞ የሚመለስ ወታደር «ለወንድነት» የተባለ ዱቄት በሻንጣው ይዞ ቢገባ አያስደንቅም።

አዩርቬዳ ማለት የሕይወት ዕውቀት ማለት ነው። ከስምንቱ ቅርንጫፎቹ አንዱ ቫጂካራና ሲባል የሩካቤን ኃይልና የዘርን ጤንነት ይመለከታል። ሐኪሞቹ የፈሳሹን ያለጊዜው መውጣት ቫታ ከሚሉት ከሰውነት ነፋስ መታወክ ጋር ያያይዙታል። ሥጋት፣ እንቅልፍ ማጣትና ችኮላም ይህን ነፋስ ያስነሣሉ ይላሉ። በመሆኑም ዕረፍትን፣ የተመጠነ ምግብን፣ የዘይት መታሸትን፣ በዝግታ መተንፈስንና ዮጋን ያዛሉ፤ ዕፀዋትንም ይጨምራሉ።

ከዕፀዋቱ ዝነኛው አሽዋጋንዳ ነው። ይህ በውድ ዋጋ የሚገዛው ተክል በአገራችን በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ግዛዋ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? የባሕር ማዶው ስም የሚያማልለን የራሳችንን ስለማናውቅ ነው። ይሁን እንጂ ግዛዋ በደጃችን ስለበቀለ ብቻ ነቅለን እንጠጣው አንልም። አሽዋጋንዳ ጭንቀትን በመጠኑ እንደሚያቀል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። የዘር ፈሳሽን እንደሚያዘገይ ግን በቂ ማስረጃ የለም፤ በአንዳንድ ሰዎችም ጉበትን እንደጎዳ ተመዝግቧል። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም።

ከዕፀዋቱ የባሰ አደጋ የሚያመጣው ከዱቄቱ ጋር የሚደባለቀው ነው። አንዳንድ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ሆን ተብሎ ከማዕድን ጋር ይቀመማሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሱቆች የተገዙ 70 መድኃኒቶች ሲመረመሩ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እርሳስ ነርቭን፣ ኩላሊትንና ደምን የሚጎዳ መርዝ ነው። እንግዲህ የሠሪው ስምና የይዘቱ ዝርዝር ያልተጻፈበትን ብልቃጥ ማን ደፍሮ ለባለቤቱ ያቀብላል?

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ችግሩ በእርግጥ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአምስት አገሮች በሚኖሩ 500 ያህል ጥንዶች ላይ በሰዓት ተለክቶ የተገኘው መካከለኛ ጊዜ 5.4 ደቂቃ ነበር። ጓደኞች በጨዋታ ላይ የሚያወሩት ሰዓት ሙሉ ጀግንነት መለኪያ ሊሆን አይገባም። ከረጅም ግዳጅ የተመለሰ ባል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢቸኩልም የተፈጥሮ ነገር ነውና እንደ በሽታ አይቆጠርም። ሐኪሞች ችግር የሚሉት ከመጀመሪያው አንሥቶ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በአንድ ደቂቃ ገደማ የሚፈጸመውን፣ ወይም ቀድሞ ደኅና የነበረው ሰው ጊዜው በጉልህ ሲያጥርበትና ሲያስጨንቀው ነው።

ሁለተኛው ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጄምስ ሴማንስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ያስተዋወቁት ዘዴ ቀላል ነው። ስሜቱ ሊገነፍል ሲቃረብ ባልና ሚስት ቆም ይላሉ፤ ጋብ ሲል በዝግታ ይቀጥላሉ፤ ይህንንም ደጋግመው ይለማመዳሉ። ሽንትን ለመያዝ የሚያገለግሉትን ጡንቻዎች በየቀኑ ማጥበቅና ማላላትም ይረዳል። ይህ ሁሉ ከአዩርቬዳ የዝግታና የእርጋታ ምክር ጋር ይስማማል። ችግሩ በድንገት የጀመረ እንደሆነ ግን የእንቅርት ዕጢ ወይም የፕሮስቴት ሕመም ሊኖር ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሐኪሙ የሚያዝዘው የታወቀ መድኃኒትም አለ።

ወንድማችን ሆይ፣ ለባለቤትህ ንገራት፤ ዝም ስትላት የተጠላች ይመስላታል። እኅታችን ሆይ፣ ነገሩን በፌዝም ሆነ በቁጣ አታንሺው፤ ሥጋቱን ያባብሰዋልና። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው የአዩርቬዳ ጥንታዊ መጽሐፍ እንኳ ከቫጂካራና ሁሉ ቀዳሚ አድርጎ የሚያስቀምጠው ልብን ደስ የምታሰኝ ሴትን ነው። እኛም ሚስቱን ደስ የሚያሰኝ ባል ይጨመርበት እንላለን። በሻንጣ ከሚመጣው ብልቃጥ በፊት ይህ መድኃኒት በቤታችን ይፈለግ።