ማስታመምም ሙያ ይጠይቃል

እኔ ሰሞኑን ሆስፒታል ነው የከረምኩት። አይዟችሁ፣ የታመምኩት እኔ አይደለሁም። ታላቅ ወንድሜ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ተደረገና 9 ቀን ሙሉ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። እዚያ ያየሁትን ባጫውታችሁ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም። ነገ የማን ተራ እንደሆነ አይታወቅማ!

ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው የሚድነው በትንሽ በትንሹ ነው። ቤተሰብ ግን ይቸኩላል። ሀኪሙ "በደህና ወጥቷል" ካለ በቃ፣ በማግስቱ ዶሮ ወጥ ይዞ ከች የሚል ዘመድ አይጠፋም።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተሯ መጥታ "ተነስ፣ ትራመዳለህ" ስትለው አክስቴ ልትጣላት ምንም አልቀራት። "ትናንት የተቀደደ ልጅ ዛሬ ይቁም?" ሲስተሯ በትዕግስት አስረዳችን። ዝም ብሎ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። ሳንባም አክታ እያጠራቀመ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ሲያስለው ሆዱ ላይ ትራስ ደገፍ አድርጎ ከያዘ ደግሞ ቁስሉ ብዙም አያመውም። በመጀመሪያው ቀን ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሄደ። በአራተኛው ቀን ኮሪደሩን ጨረሰው!

ወደ ምግቡ ልምጣ። ሀኪሙ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ "አየር ወጣ?" አትሳቁ! ሆድ ተከፍቶ ከተሠራ በኋላ አንጀት ለጥቂት ቀን ያንቀላፋል። አየር ሲወጣ እየነቃ ነው ማለት ነው። ሳይነቃ ዝም ብላችሁ ብታጎርሱት ሆዱ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ወንድሜ በጆሮዬ "ወጣ" ሲለኝ ሎተሪ የወጣልኝ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ሀኪሙ ሲፈቅድ ውሃ በጥቂቱ፣ ቀጥሎ ሻይ፣ ቀጥሎ አጥሚት... ክትፎው የትም አይሄድም፣ ይደርሳል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ኩርፊያው ነው። ይህ ሰው አባታችን ካረፈ ጀምሮ እኛን ያሳደገ ነው። "ጋሼ" ነው የምለው። ሽንት ቤት ደግፌው ስሄድ ፊቱን ያዞርብኛል። በአምስተኛው ቀን "ሂጂልኝ፣ ሸክም ሆንኩባችሁ" ብሎኝ ወደ ግድግዳው ዞረ። አጠገባችን ልጃቸውን የሚያስታምሙ እናት ሰምተው ኖሮ ቀስ ብለው "ልጄ፣ የሚችለውን ለራሱ ተዪለት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃውን አቀርብለትና ዞር እላለሁ፣ ፊቱን ራሱ ይታጠባል። የቤት ኪራዩን፣ የታናሻችንን የትምህርት ቤት ክፍያ "ጋሼ፣ ምን ይሻላል?" እያልኩ አማክረዋለሁ። በሰባተኛው ቀን "ደረሰኙን የት አደረግሽው?" ብሎ ሲቆጣኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ጋሼ ተመለሰ! ህመምተኛ ምግብና መድኃኒት ብቻ አይበቃውም። ሰው መሆኑ፣ የሚፈለግ መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ጠያቂዎችም አንድ ቃል አለኝ። "እገሌም እንዲሁ ተቀዶ ነው የሞተው" የሚል ወሬ ከበር መልስ! እጃችሁን ታጠቡ፣ አልጋው ላይ አትቀመጡ፣ ቶሎ ውጡለት።

ቤት ሲገባም ነገሩ አላለቀም። የታዘዘለትን መድኃኒት "ተሽሎኛል" ብሎ እንዳያቋርጥ፣ ከባድ ዕቃም ሀኪሙ እስኪፈቅድለት እንዳያነሳ። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ አንድ እግሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው "ነገ እናያለን" የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

በሉ እንግዲህ፣ የተኛባችሁ ያላችሁ እግዜር ይማርላችሁ። ትዕግስቱን ለእናንተም ይስጣችሁ። ሳምንት ሰው ይበለን!