የስፖርት መኪና ዋጋና ትንቢቱ

ያገለገለ የስፖርት መኪና ገዝቶ ማስቀመጥ ገንዘብን ባንክ ከማኖር ይሻላል ባዮች ወዳጆች አሉን። ማስረጃቸው ፌራሪ 250 ጂቲኦ ነው፤ ከ1962 እስከ 1964 (ዓመቱን የምንቈጥረው በፈረንጆች ነው) 36 ብቻ ተሠርቶ፣ አንዱ በ2018 በካሊፎርኒያ ጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። እኛ ግን የ36 መኪናዎችን ዕድል ለሁሉ መስበክ ትክክል አይመስለንም።

ይልቅስ ፖርሽ 911ን እንመልከት። በ1997 የቀረበው፣ 996 የሚባለው፣ ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ የመጀመሪያው 911 ነበር። ዕድሜና ኪሎሜትር ብቻ ቈጥሮ ለሚተነብይ ሰው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ታላቁ 993 ይበልጥ መርከስ ነበረበት። የሆነው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አሮጌው ተወደደ፣ አዲሱ ረከሰ። ምክንያቱስ? መጀመሪያ የፊት መብራቱ በዋጋ ከሚያንሰው ቦክስተር ጋር አንድ መሆኑ ገዢውን አስከፋው። ቀጥሎም በሞተሩ ውስጥ ያለ አንድ ኩሽኔታ ከተሰበረ ሞተሩን ሁሉ ይዞ ይጠፋል የሚል ወሬ ተነዛ፤ ወሬው እውነት ነው፣ ዳሩ ግን ሁሉን መኪና አልነካም። ፍርሃቱ ግን የሁሉንም ዋጋ ጎተተ። ያው 996 ሆኖ ጂቲ3 የተባለው፣ ሞተሩ ሌላ በመሆኑ ይህ ፍርሃት አልደረሰበትም፤ ዋጋውም እንደ ወንድሞቹ አልወደቀም።

እንግዲህ ሻጭ ሠንጠረዥ ዘርግቶ «ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ያህል ያወጣልሃል» ሲል፣ ባሕር ማዶ ደመወዝ የጀመረው ወንድማችን ለብድሩ ከመፈረሙ በፊት፣ የሚቀጥለው ገዢ ምን እንደሚፈራ ይጠይቀው። ኢንሹራንሱን፣ ጎማውንና የጋራዡን ኪራይ ማን እንደሚከፍልም ይጨምርበት፤ በሠንጠረዡ ላይ እነዚህ አልተጻፉም።