አንኮበር ያደርንባት ሌሊት

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ከኮረብታው ግርጌ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ በእግር ነው። የጸሎት ቡድናችን ያረፈው አናቱ ላይ፣ ነገሥታቱ በነበሩበት ስፍራ በተሠራው ሎጅ ነበር። ክፍሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ጋቢ ያልያዘው ወንድማችን ሳይወድ በግዱ ሌሊቱን ሲጸልይ አድሯል።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ለእራት ሽሮ ሲቀርብ ከመካከላችን «እኛ እኮ ጴንጤ ነን፣ ሥጋ የለም ወይ?» ያሉ ነበሩ። አስተናጋጇ ደንገጥ ብላ ዝም አለች። ሮሜ 14ን ስንት ጊዜ ያጠናን ሰዎች ነን!

ከእራት በኋላ የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን ነገር አነሣን። ይህ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እዚሁ አንኮበር ኖሯል። ሸክሙ ለኦሮሞ ሕዝብ ነበርና ቋንቋውን ተምሮ ከወንጌል ክፍሎችን ተረጎመ። ንጉሡ ግን ከሰባኪ ይልቅ የእጅ ባለሙያና መሣሪያ ይፈልግ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛው ሃሪስ ሲመጣ ክራፕፍ አስተርጓሚ ሆነ። በ1842 ከሸዋ ወጣ፤ ወሎ ላይ ተዘረፈ፤ ተመልሶ ለመግባት ቢሞክርም አልተፈቀደለትም። በ1844 ሞምባሳ ላይ ሚስቱንና አራስ ልጁን ቀበረ።

እኛ ይህን ታሪክ በየኮንፈረንሱ እንደ ድል ብቻ እንተርከዋለን። ቅንዓቱን እናከብራለን፤ ነገር ግን ለቤተ መንግሥቱና ለውጭ መልእክተኞች መጠጋቱ አገልግሎቱን የጎዳው ይመስለናል። ከመካከላችን በዚህ ያልተስማሙ አሉ። «ያለ ንጉሡ ፈቃድ አንድ ቀንስ ያድር ነበር?» አሉ፤ እውነት አላቸው። ሆኖም ዛሬም አንድ አገልጋይ ከባለ ሥልጣን ጋር ፎቶ ሲነሣ «እግዚአብሔር በር ከፈተ» ለማለት እንቸኩላለን። በሩን የከፈተው ባለ ሥልጣን ነገ ሲዘጋው ምን ልንል ነው? ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው ክራፕፍ ሸዋን ከለቀቀ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1899 ነው፤ ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። ከቤተ መንግሥት የመጣ አልነበረም።

ጠዋት ከግንቡ ፍርስራሽ አጠገብ ቆመን ቁልቁል የአፋርን ቆላ እያየን ጸለይን። የሥጋውን ጥያቄ ያነሡት ወንድሞች ግን ከጸሎቱ በፊት ወደ ማእድ ቤት ሄደው አስተናጋጇን ይቅርታ ጠይቀዋል። «ኧረ ምን አላችሁና!» ብላ ቡና አፈላችልን።