ስለ ፖም ተክል ምርጫና ስለ ፖም ጠጅ

ዛፍ የሚተክል ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ጤፍ የዘራ ገበሬ ዘሩ ቢከፋበት በሚመጣው ዓመት ይለውጠዋል፤ ፖም የተከለ ሰው ግን ሦስትና አራት ዓመት ውሃ አጠጥቶ፥ ኰትኵቶ፥ አጥሮ ከጠበቀ በኋላ ዛፉ ፍሬ የማይሰጥ ቢሆን ድካሙም መሬቱም ዘመኑም ይጠፋበታል። ስለዚህ በፖም ነገር ከመትከል አስቀድሞ መምረጥ ይገባል።

ብዙ ሰው አፕል የሚለው ይህ ፍሬ በጋሞ ደጋ፥ በጨንቻ፥ በሚሲዮናውያን እጅ ገብቶ ከተለመደ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በሀና ማርያም፥ ግቢ ያለው ሰው ሁለት ሦስት ዛፍ ለመትከል ቢያስብ፥ የተረፈውንም ፍሬ ጨምቆ እንደ እንግሊዞችና እንደ ኖርማንዲ ሰዎች ሲደር የሚባለውን የፖም ጠጅ ለመሥራት ቢመኝ፥ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የጨንቻ ደጋና የሀና ማርያም መሬት አንድ አይደሉም።

ፖም በተፈጥሮው ብርድ ካላገኘ እንቡጡ በደንብ አይፈነዳም። ለየዓይነቱም ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ የሚቆይበት የሰዓት ቍጥር አለው። በእንግሊዝ አገር ለጠጅ የተመረጡት፥ እንደ ኪንግስተን ብላክና እንደ ዳቢኔት ያሉት፥ ረጅም የብርድ ወራት የለመዱ ስለ ሆኑ፥ ከእንጦጦ ይልቅ ዝቅና ሞቅ ባለው በሀና ማርያም ቢተከሉ ፍሬ መስጠታቸው እጅግ ያጠራጥራል። በእስራኤል አገር የተዳቀለው አናና በባሃማስ ደሴት የተገኘው ዶርሴት ጎልደን ግን 300 ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ብርድ ይበቃቸዋል። አና ብቻውን ሲሆን በደንብ አያፈራም፤ ዶርሴት ጎልደን ከእርሱ ጋር በአንድ ወቅት ስለሚያብብ ንቦች የአበባውን ዱቄት ያደርሱለታል። ስለዚህ ሁለቱን አቀራርቦ መትከል ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ለመብል የጣፈጠ ፖም ሁሉ ለጠጅ አይበጅም። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል አጠገብ በ1903 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተመሠረተው የሎንግ አሽተን የምርምር ጣቢያ የጠጅ ፖሞችን ጣፋጭ፥ ኮምጣጣ፥ መራራ ጣፋጭና መራራ ኮምጣጣ ብሎ በአራት ከፍሏቸዋል። የሚለዩትም ኮምጣጣነታቸው ከመቶ 0.45፥ ታኒን የሚባለው ምላስ የሚይዘው ነገር ደግሞ ከመቶ 0.2 በላይ ወይም በታች በመሆኑ ነው። ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የማር ጣፋጭነት በጌሾ ምሬት እንደሚመዘን ጠጅ የሚጥል ሁሉ ያውቃል። አናና ዶርሴት ጎልደን ታኒናቸው ጥቂት ስለ ሆነ ጠጃቸው ቀጭን ይሆናል። በጨንቻ የሚተከለው ኮምጣጣው ግራኒ ስሚዝ ቢቀላቀልበት ጣዕሙ ይበረታል፤ ምሬቱ ግን ከዚህ አይገኝም። ጥቂት ጌሾ ጨምሮ መሞከር ለባለሙያዎች የሚገባ ሥራ ነው።

እንግዲህ የሀና ማርያም ሰው አስቀድሞ የሚያፈራውን ዛፍ ይምረጥ። መልካሙን ፍሬ ለገበያ፥ ያነሰውንና ቈዳው የተጫረውን ለመጭመቂያ ይለይ፤ የበሰበሰውን ግን ይጣል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ፖም በአዲስ አበባ ገበያ ውድ በሆነበት ጊዜ፥ ለጠጅ ብቻ ብሎ መትከል ትርፉን መቀነስ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው የሹማምንት ፈንታ ነው። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ በብዛት ይተከላል፤ ነገር ግን ስሙ ያልታወቀ የፖም ችግኝ ለተቀባዩ ስጦታ ሳይሆን ዕጣ ነው። የፖም ፍሬ ቢዘራ እናቱን አይመስልም፤ ከታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቈርጦ በሌላ ሥር ላይ ሲጣበቅ ብቻ ዓይነቱ ይጠበቃል። ስለዚህ በየችግኙ ላይ የዓይነቱም፥ የተጣበቀበትም ሥር ስም እንዲጻፍ ማዘዝ ይገባል።

ካህናትም፥ በየደብሩ ቅጥር ዛፍን ጠብቆ ማቈየት የቈየ ልማዳቸው ነውና፥ ሁለት ሁለት ዛፍ ተክለው ያበበበትን ቀንና ያፈራውን መጠን በመዝገብ ቢያኖሩ፥ ለጎረቤቱ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። የዛሬው ጥንቃቄ ለሚመጣው አራት ዓመት ድካም ዋስ ነው።