የጓሮው ልምላሜ ማሳው ድረስ ይሂድ

በጎጃም የገበሬውን ቤት ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ከቤቱ አጠገብ ያለው ጓሮ ጥቁርና ለም ሲሆን፥ ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ግን ቀይና የደከመ መሆኑ ነው። በደምበጫና በአካባቢዋ ጓሮ የተተከለው በቆሎ፥ ጎመንና ጌሾ ከማሳው አዝመራ ይልቅ ያምራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የምድጃው አመድ፥ የቤቱ ጥራጊ፥ የበረቱ አዛባ፥ የጠላውና የአረቄው አተላ ትራፊ የሚደፋው እዚያው ነው። እንግዲህ የወጥ ቤትና የጓሮ ጥራጊ አፈርን እንደሚያዳብር ለደምበጫ ገበሬ እናስተምር ብሎ መነሣት፥ የቅኔ መምህርን ፊደል እንደ ማስቆጠር ነው።

ታዲያ ጥያቄው ሌላ ነው። ገበሬው ይህን ካወቀ፥ የጓሮው ልምላሜ ማሳው ድረስ ያልሄደው ስለምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው ማገዶ ነው። ደኑ ስላለቀ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ለአፈር የሚገባው ምግብ በጢስ ይወጣል። እናቶቻችንን «ኩበት አታንድዱ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንጀራው በምን ይጋገር? እ.ኤ.አ. በ2009 አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተጀመረው የባዮጋዝ ፕሮግራም ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጣል፤ እበቱ ጋዙን ለምድጃ ሰጥቶ ዝቃጩ ለእርሻ ይተርፋልና። ይሁን እንጂ ከብትና በቂ ውሃ ለሌለው ቤት ይህ አይሆንም።

ሁለተኛው ሸክም ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ በውስጡ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ግን በኩንታል ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ያህል ናይትሮጅን ለማግኘት ከ23 እስከ 46 ኩንታል ኮምፖስት መሸከም ያስፈልጋል፤ ያውም ለአዝመራው የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው። ይህን ሒሳብ ደብቆ ኮምፖስትን ማወደስ ገበሬውን መሸንገል ይሆናል። ተሸካሚዋም አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ መሆኗን ልንረሳ አይገባንም።

ሦስተኛው ምክንያት ከተማው ነው። እህሉ፥ ድንቹ፥ በርበሬው ከገጠር ወደ ከተማ ይጓዛል፤ ልጣጩና ትራፊው ግን ወደ መጣበት አይመለስም። ከፌስታልና ከጠርሙስ ጋር ተደባልቆ በየቦዩ ይጣላል። ይህ እየተከማቸ ሲሄድ ወዴት እንደሚያደርስ አዲስ አበባ አሳይታናለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፥ ቆሼ በተባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ከዚያ ክምር ውስጥ ብዙው፥ በጊዜው ተለይቶ ቢሆን ኖሮ፥ ለአፈር ምግብ የሚሆን ነበር።

ነገሩ ቢከብድም ልንተወው የማንችለው ስለ ሆነ ነው ይህን የምንጽፈው። አገራችን ኬሚካል ማዳበሪያን የምትገዛው ከውጭ ነው፤ መርከቡም የሚራገፈው በጅቡቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ዋጋው በዓለም ገበያ ሰማይ ነካ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ደግሞ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ በወቅቱ ስላላገኙ እሮሮአቸውን ለማሰማት እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ነበር። በዚህ ላይ የምዕራብ ጎጃም አፈር ሌላ ሕመም አለበት። ብርቱው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ስለሚወስደው አፈሩ ኮምጣጣ ይሆናል፤ አፈሩ ሲኮመጥጥ ገበሬው በውድ የገዛው ፎስፎረስ እንኳ በአፈሩ ተይዞ ለሥሩ አይደርስም። ዩሪያም ሲደጋገም ኮምጣጣነቱን ያብሳል። ዋናው መድኃኒት ኖራ ነው፤ ነገር ግን ኮምፖስት አፈሩን ያለዝባል፥ ውሃ ያስይዛል፥ መርዛማውን አሉሚኒየም ይቀንሳል፤ የምድጃ አመድም እንደ ኖራ ያገለግላል። ስለዚህ ኮምፖስት የዩሪያ ምትክ ነው ብለን አንከራከርም። የተገዛው ማዳበሪያ በከንቱ እንዳይቀር የሚያደርግ አጋዥ ነው እንላለን።

ይህ ሕልም አለመሆኑን የትግራይ ገበሬዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት ዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በጥቂት መንደሮች ሥራውን ጀመረ። ለዓመታት በተደረገው ልኬት ኮምፖስት የተሰጠው ማሳ ኬሚካል ማዳበሪያ ከተሰጠው ጋር የሚተካከል፥ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጠ። ነገር ግን እዚያ ሥራው ጉድጓድ በመቆፈር ብቻ አልተወሰነም። እርከን ተሠራ፥ ልቅ ግጦሽ ተገታ፥ በእርከኑ ላይ ሣር በቀለ፤ ለኮምፖስት የሚሆነው ነገር የተገኘውም ከዚያ ነው። ከዚህ የምንማረው፥ የሚበሰብስ ነገር ሳያዘጋጁ «ኮምፖስት ሥራ» ብሎ ማዘዝ ሜትር ኩብ በሪፖርት ላይ ከመቆለል በቀር ለማሳው የሚያስገኘው ጥቅም አለመኖሩን ነው።

እንግዲህ ለደምበጫና እንደ እርሷ ላሉት ከተሞች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየቤቱ የሚበሰብሰው ከማይበሰብሰው ገና ከመነሻው ይለይ፤ አንድ ጊዜ ከፌስታልና ከባትሪ ድንጋይ ጋር የተደባለቀውን መልሶ መለየት እጅግ አድካሚ ነውና። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ይስጥ፤ ሥራ ያጡ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ያብስሉት፥ ለድካማቸውም ይከፈላቸው። በገበያ ቀን እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ጋሪም የበሰለውን ጭኖ ይሂድ። ይህ ከሆነ ሸክሙ በሴቷ ጀርባ ላይ አይወድቅም።

ይህን ለከተማ ሰዎች ከመምከራችን በፊት ግን ከራሳችን ደጅ መጀመር ይገባናል። ከመመገቢያ አዳራሻችን በየቀኑ የሚወጣው የእንጀራ ትራፊ፥ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ስንት በርሜል ነው? በግቢያችን የሚታጨደው ሣርስ ወዴት ይሄዳል? የተማሪዎች ማኅበራችን ከአዳራሹ በስተኋላ ሦስት ጉድጓዶች ያስቆፍር። ደረቁ ገለባ፥ እርጥቡ ትራፊ፥ ጥቂት አፈርና አመድ በየተራ ይነባበር፤ እርጥበቱ ይጠበቅ፥ በየጊዜው ይገላበጥ። በመካከሉ የተሰካው በትር ሲነቀል የሚሞቅ ከሆነ ሥራው በደኅና መሄዱን ያሳያል፤ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። የግብርና መምህራኖቻችን ናይትሮጅኑንና ኮምጣጣነቱን በላቦራቶሪ ይለኩልን። የደረሰውንም ፈቃደኛ ለሆኑ ለጎረቤት ገበሬዎች እናድርስ፤ እነርሱ በገዛ ማሳቸው ከፍለው ይሞክሩት፥ ፍርዱንም ይስጡ።

የተከበራችሁ መምህራን፥ ወንድሞችና እኅቶች! የምንበላው እንጀራ የመጣው ከዚሁ ከደከመው ማሳ ነው። ትራፊውን ለመመለስ አካፋና ጥቂት ትጋት ይበቃል። በሚመጣው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያዝ እንጠይቃለን፤ ለቁፋሮውም በፈረቃ ለመግባት ስማችንን ለማስመዝገብ ዝግጁ ነን።